ተጠምጣሚ ቦሎቄ በጓሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎረቤትና ዘመድ አጥሬ ላይ የተንጠለጠለውን ቦሎቄ እያዩ ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ከቀላሉ ልጀምር።

ተጠምጣሚ ቦሎቄ የትኛው ነው? ከፎሶሊያ ይለያል?

ተክሉ አንድ ነው። ለጋ ሳለ ከነልጣጩ ስንበላው ፎሶሊያ እንለዋለን። ደርቆ ሲፈለፈል ደግሞ ቦሎቄ ነው። አንዳንድ አካባቢ አደንጓሬ ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ ስም ግን ከቦታ ቦታ የሚያመለክተው ነገር ስለሚለያይ፣ ዘር ስትገዙ በስሙ ብቻ አትተማመኑ።

ዋናው ልዩነት አስተዳደጉ ላይ ነው። አንዱ ዓይነት እስከ ጉልበት ብቻ የሚደርስ ቁጥቋጦ ነው። ማፍራት ከጀመረ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ እሸቱን ሰጥቶ ያበቃል። ሌላው ሐረግ የሚጥለው ነው። ድጋፍ ካገኘ ሁለት፣ ሦስት ሜትር ይወጣል፤ ከሥር ጀምሮ እስከ ጫፍ እያበበ ለብዙ ሳምንታት ይለቀማል። ጠባብ ጓሮ ላለው ሰው ሁለተኛው ነው የሚያዋጣው፤ መሬት ባይኖር ወደ ላይ ቦታ አለ። የሩዋንዳ ገበሬዎች ተራራማና ጠባብ ማሳቸው ላይ ተጠምጣሚውን የወደዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከገበያ ለወጥ የገዛሁትን ቦሎቄ ብዘራው ሐረግ ይጥላል?

ይበቅላል። ሐረግ መጣሉ ግን ያጠራጥራል። ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለገበያ የሚመጣው ነጭና ቀይ ቦሎቄ በአብዛኛው አጭሩ ዓይነት ነው፤ ለትልልቅ ማሳ የሚመረጠው እሱ ነውና።

እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ሻጩ «ይወጣል፣ ይወጣል» ብሎኝ አንድ ኪሎ ገዛሁ። ባለ ሁለት ሜትር እንጨቶች ተከልኩ፣ ሲባጎ ወጠርኩ፣ ጠበቅኩ። ቦሎቄው ጉልበቴ ጋ ደርሶ ቆመ። ጎረቤቶቼ እንጨቶቹ ለምን እንደቆሙ እስኪጠይቁኝ ድረስ።

የሚሻለው አጥሩ ላይ ሲወጣ ካያችሁት ሰው እፍኝ ዘር መለመን ነው። የታሸገ ዘር የምትገዙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ድጋፍ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ፈልጉ። ካላገኛችሁ አምስት ፍሬ ብቻ ዝሩና ሞክሩ። ሐረግ የሚጥለው ዓይነት ከተዘራ በአራት ሳምንት ገደማ ቀጭን አናቱን ወደ አየር ልኮ የሚይዘውን ነገር ሲፈልግ ታዩታላችሁ።

መቼ ልዝራ?

ቦሎቄ ሁለት ነገር ይጠላል፦ ውርጭና ቀዝቃዛ እርጥብ አፈር። አፈሩ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ዘሩ ሳይበቅል ይበሰብሳል።

ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ እኔ የምመርጠው ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ነው። የበልግ ዝናብ ያግዛል፣ የጎደለውን በማጠጣት ትሞላላችሁ፤ ከባዱ ክረምት ሳይገባ ብዙውን ትለቅማላችሁ። ግንቦት መጨረሻ የዘራ ሰው ለፍልሰታ ጾም ፎሶሊያ ይደርስለታል። ግን የሐምሌን በረዶና የቅጠል በሽታ ታግሎ ነው። መስከረም መጀመሪያ መዝራትም ይቻላል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ቦታ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ስለሚያጠቃው አልመክርም። ቆላና ወይና ደጋ ላይ ውሃ ካለ ብዙ ወር ይሆናል፤ እዚያ የሚያስፈራው ብርድ ሳይሆን ሙቀቱ ነው።

ዘሩን ልዘፍዝፈው? ምን ያህል ልቅበረው?

መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ያደረ ዘር ይሰነጠቅና አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። አፈሩን ቀድማችሁ አጠጡ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሩት፣ ከዚያ እስኪወጣ ድረስ ውሃ አታብዙ። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ አንገቱን ያወጣል፤ ደጋ ላይ ጥቂት ቀን ሊጨምር ይችላል።

በአንድ እንጨት ዙሪያ አምስት ፍሬ ዝሩና ጠንካሮቹን ሦስቱን አስቀሩ። በመስመር ከሆነ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንድ አንድ። ችግኝ አፍልቶ ማዛወር አይመከርም። ሥሩ መነካካት አይወድም።

ድጋፉን ከምን ልሥራ? መቼስ ልትከለው?

ከመዝራታችሁ በፊት ትከሉት። «ካደገ በኋላ» የሚል ሁሉ እንጨቱን ሲቀብር ሥሩን ይቆርጣል፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈውን ሐረግ ሲፈታ ደግሞ አናቱን ይሰብራል።

በእጅ ያለው ሁሉ ይሆናል፦ የባሕር ዛፍ ማገር፣ ቀርከሃ፣ ሸምበቆ፣ የሽቦ አጥር። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ይሁን፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሜትሩ መሬት ይግባ። ቀላሉ አሠራር አራት ማገር በክብ ተክሎ አናታቸውን አንድ ላይ ማሰር ነው፣ እንደ ጎጆ። ረድፍ ከሆነ ሁለት ጠንካራ ቋሚ፣ ከላይና ከታች አግዳሚ፣ በመካከል ቁልቁል የተወጠረ ሲባጎ። አንድ ዓመት ቋሚዎቹን አንድ ስንዝር ብቻ ቀብሬ ነበር። ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ዝናብ ጠጥቶ ከበደ፣ ነፋስ መጣ፣ ጠዋት ስነሳ ሁሉም ነገር ጎመኑ ላይ ተኝቷል። እርጥብ ሐረግ ከምታስቡት በላይ ይከብዳል።

ቦሎቄ እንደ ወይን ወይም እንደ አተር መያዣ ክር የለውም። ግንዱ ራሱ ነው የሚጠመጠመው። ስለዚህ ባዶ ግድግዳ መውጣት አይችልም፣ በጣም ወፍራም ግንድም አቅፎ አይዘልቅም። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው እንጨት ይስማማዋል። ለስላሳ የብረት ቱቦ ከሆነ ያንሸራትተዋል፤ ሲባጎ ጠምጥሙበት።

ሌላም ነገር አለ። ከላይ ወደ ታች ስታዩት ሐረጉ ሁልጊዜ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው የሚዞረው። መንገድ የሳተውን በእጃችሁ ስታግዙ በዚያው አቅጣጫ ጠምጥሙት። በተቃራኒው ከጠመጠማችሁት ራሱን ፈትቶ ይወርዳል። ልጆች ይህን ማየት ይወዳሉ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። በረንዳ ላይ ይሆናል?

ይሆናል፤ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካገኘ። አፉ የተቆረጠ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሦስት ተክል ይበቃል። ታቹን በደንብ ብሱት። ግማሽ ጥሩ አፈር፣ ግማሽ ብስባሽ ሙሉበት። ድጋፉ ከበረንዳው ብረት እስከ ላይኛው ጣሪያ የተወጠረ ሲባጎ ሊሆን ይችላል።

በረንዳችሁ ወደየት እንደሚያይ ግን ቀድማችሁ እዩ። አዲስ አበባ ላይ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በቀሩት ወራት ብቻ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ያኔ ደግሞ ግማሹ ደመና ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ ያለው ሰው ለበጋው ሰላጣ ቢተክል ይሻለዋል። ምሥራቅና ምዕራብ የሚያየው መካከለኛ ነው፣ ይሞከራል።

ከበቆሎ ጋር አብሬ ብዘራው?

ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የቆየም ነው። ሁለቱም የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው። የዚያው ነባር ሕዝቦች በቆሎን፣ ቦሎቄንና ዱባን አንድ መሬት ላይ ሲዘሩ ኖረዋል፦ በቆሎው እንጨት ይሆናል፣ ዱባው መሬቱን ያለብሳል።

ሰዓቱን መጠበቅ ነው ቁም ነገሩ። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቦሎቄ ከተዘራ ይቀድመውና ጎትቶ ይጥለዋል። በቆሎው ከበቀለ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ዝሩ፤ ለአንድ አገዳ አንድ ቦሎቄ ብቻ።

ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ይበቃዋል?

በሳምንት ሁለቴ በደንብ ካጠጣችሁት ይበቃዋል። በየቀኑ ላይ ላዩን ከመርጨት ይህ ይሻላል፤ ውሃው ወደ ታች ሲገባ ሥሩም ተከትሎ ይወርዳል። ጀሪካን ውስጥ ያለው ግን ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ጣታችሁን አስገብታችሁ ፈትሹት። አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ሸፍኑት። አትክልት ያጠባችሁበት ውሃ ለዚህ ይሆናል፣ ሳሙና ያለበት ግን አይደለም።

የማትቆጥቡበት ጊዜ አበባው ሲፈነዳና እሸቱ ሲያዝ ነው። ያኔ ውሃ ያጣ ቦሎቄ አበባውን ያራግፋል። ደግሞም ጠዋት፣ ከሥር አጠጡ፤ ማታ ቅጠል ላይ የቀረ ውሃ በሽታ ይጠራል።

ቅጠሉ ያምራል፣ ሐረጉ ጣሪያ ደርሷል፣ ፍሬ ግን የለም። ምን ሆነ?

በብዛት የምጠየቀው ይህ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ዩሪያ ወይም ያልበሰለ ፍግ በዝቶበታል። ናይትሮጅን ሲትረፈረፍለት ቦሎቄ ቅጠል መሥራት ይመርጣል። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሥሩ ላይ ሰፍረው ከአየር ናይትሮጅን ይይዙለታል። ስለዚህ የሚፈልገው ከመዝራት በፊት የተደባለቀ የበሰለ ብስባሽ ነው፤ ቢበዛ ደግሞ ትንሽ አመድ። አንዲት ወዳጄ በየሳምንቱ ዩሪያ በውሃ በጥብጣ ታጠጣው ነበር። ከፍቅር ብዛት ነው። ሐረጉ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ በወሩ መጨረሻ የተለቀመው ሰባት እሸት ነበር።

አሁን ከደረሰባችሁ ማዳበሪያውን አቁሙና ጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶም ቢሆን ያብባል። ጥላ ቦታ የተዘራ ከሆነ ግን ትዕግሥት አይፈታውም። በሚቀጥለው ቦታውን ቀይሩለት።

አበበ፣ ግን አበባው ረገፈ። ንብ ስለሌለ ነው?

አይደለም። ተራው ቦሎቄ አበባው ሳይከፈት በፊት ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ንብ አያስፈልገውም። አበባ የሚረግፈው ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ አፈሩ ሲደርቅ፣ ወይም ከባድ ዝናብ ሲደበድበው ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አበቦች መርገፋቸው የተለመደ ነው፣ አትደንግጡ።

ነቅዬ ሳየው ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠት አለ። በሽታ ነው?

ቀደም ብዬ ያነሳኋቸው ባክቴሪያዎች ቤት ሊሆን ይችላል። አንዷን በጥፍራችሁ ሰንጥቋት። ውስጧ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ናት። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ጊዜዋ አልፏል።

ጉዳት የሚያደርሰው ሌላ ነው፦ ኔማቶድ የሚባል በዓይን የማይታይ ትል የሚፈጥረው እብጠት። የባክቴሪያዋ እብጠት ከሥሩ ጎን ተለጥፋ ስትነካ ትላቀቃለች። የኔማቶዱ ግን ሥሩ ራሱ ያበጠ ነው፤ አይላቀቅም። ይህኛው ካጋጠማችሁ ያን ቦታ ለጥቂት ዓመት ቦሎቄም ቲማቲምም አታሳዩት።

ቅጠሉ ተጨማደደ፣ ነጠብጣብ አወጣ። ምን ልርጭበት?

ከመርጨት በፊት ገልብጣችሁ እዩት። ከቅጠሉ ሥር የተጠቀጠቁ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ጥቃቅን ነፍሳት ካሉ ክሽክሽ ነው። ጉንዳን ሲመላለስበት ካያችሁም ምልክቱ ነው። በጠንካራ ውሃ እጠቡት። ካልጠፋ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ ፀሐይ ከበረደ በኋላ እሱ ላይ ብቻ እርጩ።

ሲነካ ጣት ላይ የሚቀር የዝገት ዱቄት ካለው ዋግ ነው። የታመሙትን ቅጠሎች ቆርጣችሁ አርቁ፤ ነፋስ እንዲያልፍ አሳሱት። እሸቱ ላይ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ጥቁር ጠባሳ ካለ አንትራክኖስ የሚባለው ነው። ይህ በዘር ይተላለፋል፤ ከዚያ ተክል ዘር አታስቀሩ። ቅጠሉ ፈዛዛና ደማቅ አረንጓዴ ተዥጎርጉሮ ከተጨማደደ ቫይረስ ነው። መድኃኒት የለውም፣ ነቅሎ መጣል ብቻ። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ልማድ አለ፦ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ አትንኩት፣ አትልቀሙ። በሽታውን ከአንዱ ወደ አንዱ የምታደርሱት እናንተው ናችሁ።

ገና ችግኝ ሳለ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ጠዋት ላይ እንደ ምላጭ ተቆርጦ ካገኛችሁት ቆራጭ ትል ነው፤ አፈሩን ጫር ጫር ስታደርጉ እዚያው ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ሁለት ጫፉን የቆረጣችሁትን የሃይላንድ ጠርሙስ በችግኙ ዙሪያ ብታስገቡ አይደርስበትም። ሳይቆረጥ ቢጫ ሆኖ የሚጠወልግና ግንዱ አፈሩ ጋ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ የቦሎቄ ዝንብ እጭ ገብቶበታል። አፈር አስታቅፉት። ከቁስሉ በላይ አዲስ ሥር ካወጣ ይተርፋል።

መቼ ልልቀም? ጥሩ ሲሰጥ ቆይቶ ለምን አቆመ?

ለፎሶሊያ ከሆነ ከተዘራ ከ60 እስከ 80 ቀን ባለው ጊዜ፤ ደጋ ላይ ወደ 80ው ይጠጋል። ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። ፍሬው ከውጭ አብጦ ከታየ አልፏል፣ ክሩም ጥርስ ውስጥ ይገባል።

በየሁለት በየሦስት ቀኑ ልቀሙ። ቦሎቄ የሚኖረው ዘር ለመተካት ነው። ጥቂት እሸቶች ደርቀው ዘር ከያዙ «ጨርሻለሁ» ብሎ ማበቡን ይተዋል። ለበዓል ገጠር ሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ከቆያችሁ የቆመው ለዚህ ነው። ያረጁትን ሁሉ አራግፉለት፣ ውሃ ስጡት፣ አቅም ካለው እንደገና ይጀምራል።

ጥሬውን ቢበሉት ይጎዳል?

የደረቀው ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ በደንብ ካልበሰለ በእርግጥ ይጎዳል። አራት አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ልጆች ሲፈለፍሉ አፋቸው እንዳይከቱ ተከታተሉ።

ቢያንስ አምስት ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉ፣ በአዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል እየተንተከተከ ይፍላ። ከዚያ እስኪለሰልስ ይቀጥል። ለብ ባለ ሙቀት ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ጥሬውን መጨመር አደገኛ ነው። መርዙ ሳይጠፋ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ቦሎቄ አልበስል ብሎ የሚያንገላታው በከንቱ አይደለም። ፕሬሸር ኩከር ያላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ፎሶሊያውም ቢሆን ከካሮቱ ጋር በስሎ ይሻላል።

የራሴን ዘር ላስቀር? ነቀዙንስ ምን ላድርገው?

አስቀሩ። ራሱን ስለሚያዳቅል የዘራችሁትን ዓይነት መልሶ ይሰጣል። ከመጀመሪያው ጤነኛና ብዙ ያፈራውን አንድ ሁለት ሐረግ በቀይ ክር ምልክት አድርጉና አትንኩት። የተረፈውን ዘር ማስቀረት የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ ደካማውን እያባዙ ነው። እሸቱ ሐረጉ ላይ እንዳለ ደርቆ ሲነቀነቅ ሲንኮሻኮሽ ልቀሙት፣ ፈልፍሉ፣ ጥላ ላይ አድርቁ።

ነቀዝ ብዙ ጊዜ ከማሳው ነው ተደብቆ የሚገባው። በደንብ የደረቀውን ዘር ክዳኑ በሚገጥም ብርጭቆ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አቆዩት፤ እንቁላሉም እጩም ይሞታል። ያልደረቀ ዘር ግን ፍሪዘር ከገባ አብሮ ይሞታል። ስታወጡት ዕቃው ራሱ እስኪሞቅ ሳትከፍቱ ጠብቁ። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ሦስት ዓመት ያህል ይቆያል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ከአገር ቤት ዘር ልውሰድ?

በሻንጣ አታድርጉት። ለመዝራት የሚሆን ዘር ያለ ዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ወረቀት ማስገባት በብዙ አገር ክልክል ነው። እዚያው «ፖል ቢን» ብላችሁ ስትጠይቁ ታገኛላችሁ፤ «ኬንታኪ ዋንደር» አሜሪካ ውስጥ ከጥንት የታወቀ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት መጀመሪያ ላይ ዝሩ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ያላችሁ የሐሩሩን ወቅት እለፉት፤ ሙቀቱ ሲበርድ ከጥቅምት ጀምሮ ሞክሩ።

የደረቀውን ቆርጬ ጣልኩት፤ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ። ይህ ቦሎቄ ነው?

ዘመዱ ነው። ተራው ቦሎቄ አንዴ አፍርቶ ይሞታል። ይህኛው ግን ትልልቅ ፍሬ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ነጭ አበባ የሚያወጣው ሌላ ዝርያ ነው። ሥሩ እየወፈረ ለዓመታት ይቆያል። ሲበቅልም ሁለቱ ክክ ቅጠሎች አፈር ውስጥ ይቀራሉ፤ የተራው ቦሎቄ ግን ከአፈር በላይ ብቅ ይላሉ። በዚህ ትለዩታላችሁ።

ለዚህኛው ከላይ ያልኩት ሁለት ነገር ይቀየራል። ንብ ይፈልጋል፤ ንብ በሌለበት ያብባል እንጂ እምብዛም አይዝም። ከሌላ መሰሉ ጋርም ይዳቀላል፣ ስለዚህ ዘሩ ቀለሙን ቢቀያይርባችሁ አትገረሙ። ሲበላ ግን ያው ነው፦ ለጋው እንደ ፎሶሊያ፣ የደረቀው ተዘፍዝፎና በደንብ ተቀቅሎ። ወፍራሙን ሥር አትብሉት። እዚያው ተዉት፣ ዓመት ሲመጣ ሌላውን ቀድሞ እንጨቱ ላይ ይወጣል።